ለተቆረጠ ጣት ካሳ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ራሴ ልከራከር? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና፦ ሐምሌ 1

ሰላም ወገኖቼ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጥቅምት 12 የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስንዴውን ወደ ላይ የሚያወጣው ኤሌቬተር ታፈነ። ቺንጋው መንሸራተት ጀመረ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ፑሊው ላይ የነበረው የብረት ሽፋን ከነሐሴ ጀምሮ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቦሎን ይገዛል፣ ነገ ይገጠማል ሲባል ሁለት ወር አለፈው። ማጥፊያው ያለው ታች ወለል ላይ ነው። ወርጄ እስካጠፋው ቺንጋው ይበጠሳል ብዬ የፈሰሰውን ስንዴ በእጄ ጠረግ ሳደርግ የጓንቴን ጫፍ ያዘው። ጮኼ እንኳ አልጨረስኩም። የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ከሥሩ፣ የመሃል ጣቴ ከሁለተኛው አንጓ ሄዱ።

የፈረቃ አለቃችን በፒክአፕ ይዞኝ ወጣ። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እጄን በአዲስ የዱቄት ከረጢት ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር። ደሴ ስንደርስ ከረጢቱ ላይ የታተመው ጽሑፍ አይነበብም።

ሕክምናውን ድርጅቱ ከፍሏል፤ ይህን አልክድም። አራት ወር ቤት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ደመወዝ ሰጡኝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወር ምንም የለም። የካቲት ላይ ተመለስኩና ሚዛን ላይ መደቡኝ። የሐኪሞች ቦርድ 18 ከመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ብሎ ጽፎልኛል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቢሮ ጠሩኝ። 20,000 ብር እንሰጥሃለን፣ እዚህ ላይ ፈርም አሉኝ። ወረቀቱ «ከዚህ በኋላ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለኝም» ይላል። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ማሽን ሳታቆም እጅህን ሰደድክ፣ ይህም ለልጆችህ ታዝኖልህ ነው አሉኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

አንድ የሥራ ጓደኛዬ ሕጉን አውቃለሁ ብሎ ሒሳብ ሠራልኝ። ደመወዜ 6,200 ነው። በ12 ወር 74,400። የአምስት ዓመቱ 372,000። የዚህ 18 ከመቶ 66,960 ብር። ሌላው ደግሞ ተው ይለኛል። ጠበቃ ግማሹን ይወስደዋል፣ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ፣ በዚያ ላይ ከሥራህ ትባረራለህ ይለኛል። ባለቤቴም የምትፈራው ይህን ነው። የቤት ኪራይ አለብን።

እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። ትልቋ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቷ ፀጉሯን ስትይዝላት እኔ ጫማዋን ነበር የማስርላት። አሁን ክሩ ከእጄ ያመልጣል። ሰው ጋ ገበታ ስቀርብም በሦስት ጣት ነው የምቆርሰው፤ ግራ እጄን ማዕድ ላይ መስደድ አልችልም፣ ነውር ነው። ይህ ሁሉ ታዝኖልህ ነው ሲባል አንጀቴን በላው።

ጠበቃ ልያዝ? ራሴ ልክሰስ? ወይስ 20 ሺውን ተቀብዬ ልተወው?

ስፌት ክፍል፦ ሐምሌ 1

ወንድሜ አላህ ይማርህ። እኔ ጠበቃ ሳልይዝ ነው የጨረስኩት፤ ግን የኔን ካንተ ጋር አታወዳድረው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ልብስ ስፌት ላይ ነበርኩ። መርፌው የግራ ሌባ ጣቴን ከነጥፍሩ በስቶ ሰበረው። ሦስት ሳምንት ቤት ዋልኩ፤ ደመወዜ አልተቋረጠም። ድርጅቱ ኢንሹራንስ ነበረው። የሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ ሴት ናት፤ ቁጭ ብላ ፎርሙን ከኔ ጋር ሞላች፣ የሐኪም ወረቀቴን አያያዘች። ተከፈለኝ፣ አለቀ። ማንም አልካደኝም። ጥፋቱ ያንቺ ነው ያለኝም የለም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ በሽታው ቀላል ከሆነ ጤና ጣቢያ ይበቃል እንደ ማለት ነው።

አንተን ግን ክደውሃል። ጥፋቱን ወዳንተ አዙረዋል፣ ፈርም ብለውሃል። ይህ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኛዬ ራሷ ልክሰስ ብላ ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አስጻፈች። ሰውየው የጻፈላት የመድኃኒት ወጪዋ እንዲመለስ ብቻ ነው። ዘላቂ ጉዳቱን ረሳው። ዳኛው ያልተጠየቀውን አይሰጥም። የመድኃኒቷን ብር ይዛ ተመለሰች። ራስህ እንኳ ብትከራከር ክሱን ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጻፍልህ።

ቧንቧ ውሃ፦ ሐምሌ 2

ወንድም ዓለም፣ እኔ የምነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀኑን ቁጠር።

እኔ መጋቢት 2013 ላይ ነው የተጎዳሁት። ብረታ ብረት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከፎርክሊፍት ላይ የወረደ ጥቅልል ላሜራ እግሬን ጨፈለቀው። ዛሬም ደረጃ ስወርድ በጎን ነው። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ በጣም ጥሩ ሰው ነበር። አልጋዬ ድረስ መጣ፣ ለልጆቼ ሙዝና ብርቱካን ይዞ። አብሽር፣ ካሳህን እናስተካክላለን አለኝ። አመንኩት፤ ዛሬም ውሸታም ነበር አልልም። ግን አንድ መስመር ወረቀት አልሰጠኝም። እኔም ሰው በቃሉ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰውን ወረቀት መጠየቅ ይከብዳል፤ የሚታመንን ሰው መስደብ ይመስላል።

ከዚያ ጥቅምት 2014 መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ኅዳር መጨረሻ ከተማው ሲመለስ እኛም ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ፋብሪካው ተዘርፏል። ፋይል የለም። ሥራ አስኪያጁም ወደ ሌላ ሄዷል። አዲሱ ሰው ይህን ጉዳይ አላውቀውም አለኝ። እኔ አሁንም በሽማግሌ ይሻላል ብዬ ሰው ስልክ፣ ደጅ ስጠና ቆየሁ። የከሰስኩት ግንቦት ላይ ነው።

የድርጅቱ ጠበቃ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። ይርጋ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የአካል ጉዳት ጥያቄ በአንድ ዓመት ይታገዳል። እኔ በአሥራ አራተኛው ወር ነው የሄድኩት። ጦርነቱን አነሳሁ። ዳኛዋ አዳመጡኝ፣ ፊታቸውም አዝኗል። ግን ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ካጋጠመህ፣ ችግሩ ከተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ክስህን አቅርብ ይላል አሉኝ። እኔ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ሽማግሌ ስልክ ነበር። ስለ እግሬ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይነሳ መዝገቡ ተዘጋ።

ጠበቃ ቢኖረኝ የመጀመሪያው ቀን ይህን ይነግረኝ ነበር። ለዚያ ለአንድ ቃል ብቻ ገንዘቡ ይገባው ነበር። አንተ ጥቅምት 12 ተጎዳህ፤ አሁን ሐምሌ ነው። ሽማግሌ ላክ፣ ተነጋገር፣ ችግር የለም። ክሱ ግን መዝገብ ቤት ይግባ።

ጠበቃ ነኝ፣ ደሴ፦ ሐምሌ 3

ቦርከና፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ደሴ ውስጥ በጥብቅና ሥራ ላይ ነኝ። ሥራ ፍለጋ እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን ጉዳይ አልያዝም። የማውቀውን ግን ሳልነግርህ ማለፍ አልፈለግኩም። ያንን ወረቀትም እባክህ አትፈርም። ከፈረምክ በኋላ ልመልሰው ማለት ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።

ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ሠራተኛ ራሱ ቆሞ ሲከራከር ችሎቱ ያዳምጠዋል። ሕጉ ጉዳዩ በ60 ቀን ውስጥ ይወሰን ይላል፤ በተግባር በቀጠሮ ይረዝማል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ከሆነ ሰው ብቻውን ሊከራከር ይችላል። የ«ስፌት ክፍል» ጉዳይ እንደዚያ ነው። ያንተ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይቋጠራል።

አንደኛው «ጥፋቱ ያንተ ነው» የሚሉት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። ሕጉ ግን ከዚህ ጋር ሁለት ነገር በተለይ ይጠቅሳል። አንዱ ሰክሮ ሥራ መግባት ነው። ሌላው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ አለማክበር ነው። እነሱ የሚይዙት ይህን ሁለተኛውን ነው። እና እጠይቅሃለሁ። ማሽን ሳይቆም እጅ እንዳይገባ የሚል፣ አንተ አንብበህ የፈረምክበት መመሪያ አለ? ማሽኑ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነበር? ከሌለ አቋማቸው ይሳሳል። የሽፋኑ ነገር ደግሞ ላንተ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሽፋኑን አንስቶ ሁለት ወር ያስሠራ አሠሪ ስለ ደኅንነት መመሪያ ሲናገር ዳኛ ይጠይቀዋል።

ሁለተኛው ያልተከፈለህ የሁለት ወር ገንዘብ ነው። በሕጉ በጉዳት ምክንያት ከሥራ ለቀረ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፈለዋል። ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 ከመቶ አያንስም። ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 ከመቶ አያንስም። አንተ ሦስተኛውን ወር 6,200፣ አራተኛውን 4,650፣ በድምሩ 10,850 ብር ይቀርሃል። ይህ ከ20 ሺው ውጪ ያለ መብትህ ነው። ነገር ግን ተጠንቀቅ። ይህንን እንደ ደመወዝ ቆጥሮ የስድስት ወር ይርጋ የሚያነሳ ተከራካሪ አይጠፋም። ሦስተኛው ወር ያለቀው ጥር 12 ነው። እኔ ብሆን ሐምሌ 12 ሳይደርስ ክሱን አስመዘግባለሁ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት እረፍት እንደሚወጣም አትርሳ።

የዘላቂ ጉዳቱም ቢሆን ከቦርዱ ወረቀት ቀን ነው የሚቆጠረው ብለህ አትዘናጋ። ከአደጋው ቀን ቁጠር። ያን ካደረግክ ማንም ይርጋ ሊያነሳብህ አይችልም።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ እዚህ ላይ ጓደኛህ ያላየው ነገር አለ። የአምስት ዓመት ደመወዝ ስሌቱ እውነት ነው፣ ሕጉ ላይ አለ። ግን ሠራተኛው በጡረታ የተሸፈነ ከሆነና ድርጅቱ ኢንሹራንስ ከሌለው፣ ድርጅቱ «በጡረታ ሕግ ነው የሚታየው፣ ወደዚያ ሂድ» ብሎ ይከራከራል። የጡረታው ስሌት ሌላ ነው፣ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ 66,960ን ገና እጅህ እንደገባ አትቁጠረው። መጀመሪያ ሦስት ነገር አጣራ። ከደመወዝህ 7 ከመቶ ጡረታ ይቆረጣል ወይ? ከተቆረጠስ ድርጅቱ የራሱን 11 ከመቶ ጨምሮ በትክክል በስምህ አስገብቶታል ወይ? ድርጅቱ ኢንሹራንስ ገብቷል ወይ፣ ወይም የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ስለ ጉዳት ምን ይላል? ለነዚህ ጥያቄዎች የምታገኘው መልስ ጠበቃ ያስፈልግሃል አያስፈልግህም የሚለውን ይወስንልሃል። መልሱ ከተምታታ ብቻህን አትግባ።

ስለ ክፍያ፦ ጠበቃ ግማሽ ይወስዳል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። ውሉን በጽሑፍ አድርግ። ስንት ከመቶ እንደሆነ፣ ይግባኝ ቢኖር ያው ክፍያ ያካትተው እንደሆነ፣ የትራንስፖርቱን ማን እንደሚችል ይጻፍ። በአፍ የሚዋዋል ጠበቃ አትያዝ። አቅም ከሌለህ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ወረቀቶችህን ይዘህ ሂድ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ሐምሌ 3

ስለ መባረሩ ፍርሃት ልናገር፣ ሌላውን ጠበቃው ተናግሮታል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበርኩ። በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ወይም መክሰስ ሥራ ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም፤ አዋጁ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ባለቤትህን በዚህ አረጋጋት። ያም ሆኖ ሌላ ሰበብ ይፈለጋልና አትርፈድ፣ አትቅር፣ ያለ ፈቃድ አትውጣ። ፍርድ ቤት የምትሄድበትን ቀን በጽሑፍ አስፈቅድ።

ሌላው ምስክር ነው። ሠራተኛ ችሎት ቆሞ በአሠሪው ላይ መናገር ይፈራል፣ አልፈርድበትም፣ እሱም ልጆች አሉት። ስለዚህ ወረቀትና ፎቶ ይቅደም። ሽፋኑ እስካሁን ካልተገጠመ ዛሬውኑ ፎቶ ይነሳ። ነገ ክስ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን መግጠም ነው። የዚያን ሌሊት የፈረቃ መዝገብ ላይ ስምህ መኖሩንም አረጋግጥ።

ጠበቃ ከያዝክ ደግሞ የሥራ ክርክር የሚያውቅ ይሁን። የመሬትና የውርስ ጎበዝ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን አያውቀውም። እኛ አንድ ጊዜ በዚህ ተጎድተናል።

ቦርከና፦ ሐምሌ 15

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ ነገ እንደኔ የሚጨነቅ ሰው ያነበው ይሆናል።

ሐምሌ 4 ቅዳሜ ነበር። የሦስት ዓመት የደመወዝ ወረቀቴን ከሳጥን አውጥቼ ከባለቤቴ ጋር አንድ በአንድ ዘረጋነው። በየወሩ ለጡረታ 434 ብር ተቆርጧል። ሰኞ ጡረታ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ በስሜ የገባ ነገር አልተገኘም። መለያ ቁጥር እንኳ የለኝም። ገንዘቡ ከኔ ወጥቷል፣ የት እንደገባ አይታወቅም። ኢንሹራንስም የለም። የኅብረት ስምምነትም የለንም፣ ማኅበር ስለሌለን።

ማክሰኞ ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ ወደ ነፃው የሕግ ድጋፍ ሄድኩ። አንድ ወጣት ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጠኝ። ክሱን ልንጽፍልህ እንችላለን አለ። ቀጥሎ የጡረታውን ነገር ሲያይ ግን ዝም አለ። ይህ የሕግ ክርክር ይሆናል፣ ይግባኝም ሊሄድ ይችላል፣ እስከ መጨረሻው አብሮህ የሚቆም ጠበቃ ብትይዝ ይሻላል አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት።

ጠበቃ ያዝኩ። ሴት ናት፣ የሥራ ክርክር ላይ ነው የቆየችው። ከሚፈረድልኝ 15 ከመቶ፣ ይግባኝን ጨምሮ። ቅድሚያ የተቀበለችኝ የለም። ውሉን አንብባ፣ እኔም እንዳነበው አስገድዳኝ ነው ያስፈረመችኝ። በግራ እጄ ነው የፈረምኩት፣ ገና እየለመድኩት ነው።

መመሪያ ፈርመሃል ወይ ስትለኝ አልፈረምኩም አልኳት። ማሽኑ ላይስ ጽሑፍ ነበር ስትለኝ ነበር አልኩ፤ ግን በቻይንኛ ነው። ጻፈችው።

ሐምሌ 10 ክሱ ተመዘገበ። 10,850ውም፣ የ18 ከመቶው ካሳም፣ ሁለቱም ተጠይቀዋል። የካሳውን ጥያቄ በአምስት ዓመቱ ስሌት አቅርባዋለች፤ እነሱ ጡረታ ካነሱ የተቆረጠብኝን ገንዘብ የት እንዳደረሱት ይመልሱ ብላለች። ቀጠሮው ጥቅምት ላይ ነው።

ባለቤቴ አሁንም ትፈራለች። ግን ወረቀቶቹን በየወራቸው ደርድራ በክር ያሰረቻቸው እሷ ናት።

ሽፋኑ ትናንት ተገጠመ። አዲስ ቦሎን፣ አዲስ ቀለም። ፎቶውን ሐምሌ 4 ማታ አንድ ጓደኛዬ በስልኩ አንስቶልኝ ነበር፤ ሽፋኑ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዱቄት ለብሶ። ምስክር ልሁን አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። አሁን ሌሊት ፈረቃ የሚገባው ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሽፋኑ መገጠሙን ሳይ ደስ አለኝ።